ለአንድ ምንጭ የቆሙ ሽማግሌዎች

የገዛችሁት መሬት ወደ ታች እስከ የት ድረስ የእናንተ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሜሪካ፣ ፒከሪንግተን ከተማ ካለው ቤቴ ጓሮ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ ይህንኑ አስባለሁ። ሣሩ የእኔ ነው። አፈሩም የእኔ ይመስለኛል። ከዚያ በታች የተኛው ድንጋይስ የማን ነው? በድንጋዩ መካከል በጨለማ የሚሄደው ውኃስ? እንዲህ እያልኩ ወደ ታች ስወርድ ወንበሬ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል።

ይህን አመል ያስያዙኝ ጎረቤቴ ጋሼ ተፈራ ናቸው። የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ከኮሎምበስ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ኮረብታማ አገር ምንጭ ያለበት መሬት ገዙ። ገዙ ስል ላዩን ማለቴ ነው። ሆዱን፣ ከሥር ያለውን ድንጋይ፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ለአንድ የኖራ ድንጋይ ኩባንያ ሸጠውት ኖሯል። ኩባንያው ዋሻ ለመቆፈር ፐርሚት፣ ማለትም የመንግሥት ፈቃድ፣ ጠየቀ፤ ዋሻው ደግሞ በምንጩ ሥር ያልፋል።

«ኬክ ገዛሁ ብዬ ክሬሙን ብቻ ነው ለካ የሸጡልኝ» አሉኝ ጋሼ ተፈራ። «ድንጋዩን ይውሰዱት። ምንጩ ከደረቀ ግን ምን ቀረኝ?»

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ካርታውን በቀለም ለየሁ፤ ሕጉን አነበብኩ፤ ተቃውሞ አሰናዳሁ። የጋሼ ተፈራ የልብ ወዳጅ ሐጂ ከማል ሲያዩኝ ቆዩና፣ ለመሆኑ የኩባንያው ሰዎች ሽማግሌ ተልኮባቸዋል ወይ አሉ። ሕግ ባለበት አገር ሽማግሌ ምን ይሠራል ብል፣ «ሕግ በሌለበት አገርማ ማን ሽማግሌ ይሰማል?» ብለው መለሱልኝ።

ሐጂ ከማል፣ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝና እኔ ኩባንያው ቢሮ ሄድን። «ዕድሜው የእኛ፣ እንግሊዝኛው ያንቺ» ተባልኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ቀይ ጺም ያለው ትሑት ሰው፣ ተቀመጡ አለን። ሐጂ ከማል እሺ ሳንባል አንቀመጥም አሉ፤ ተረጎምኩ። ሰውየው ወንበሩ ያልተመቸን መስሎት ሌላ አመጣ። ቀጥሎም የራሱን እየገፋ መጣ። በመጨረሻ እርሱም አፍሮ ቆመ። ከመስኮቱ ውጭ ጉም ኮረብታውን እየጋረደ ነበር፤ ምንጩ በእግራችን ሥር የሚሄድ መሰለኝ። እትዬ አልማዝ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

«አሁን ይራራል» አሉ ሐጂ ከማል። «ይህን አትተርጉሚው።»

ራራም። ዋሻው ምንጩን ይዙርልን አልን፤ ካርታውን ካየ በኋላ፣ ይዞራል፣ ብቻ እባካችሁ ተቀመጡ አለ። ፐርሚቱም በአዲሱ መስመር ወጣ። እኔም ባገኘሁት ሰው ፊት የሽምግልናን ነገር የማወድስ ሰው ሆንኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ተፈራ ቤት ተቀምጠን ሳለ በር ተንኳኳ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሁለት ሽማግሌ አሜሪካውያን አስከትሏል። ተቀመጡ ቢባሉ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም አሉ። የዞረው ዋሻ የአየር መተንፈሻ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ጉድጓዱ የሚወጣው ጋሼ ተፈራ ቤት ሊሠሩበት ባሰቡት ቦታ ላይ ነው። ላዩ ደግሞ የእርሳቸው ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው አይቻልም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የተባለው ይኸው ነው።

ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጡት ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እምቢ ማለት ይችላሉ» አልኳቸው በአማርኛ። «ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው።»

ጋሼ ተፈራ የሽማግሌውን ጉልበት እያዩ ወንበር ሳቡላቸው።

«ሕጉማ ተቀምጧል፣ ልጄ» አሉኝ። «የቆመው ሰውየው ነው።»