የእመት ዘነቡ ቤት ጉድለቶች

ሆቴል የገባ ሰው መጀመሪያ ምን ያያል? አስተናጋጁ መስኮቱን ከፍቶ ተራራውን ያሳየኛል። ተራራውን አውቀዋለሁ፤ አያፈስም። እኔ የማየው ጣሪያውን ነው። ከዚያ የአልጋውን ልብስ ገልጬ ስፌት ስፌቱን እመረምራለሁ፣ ትኋን የሚሸሸገው እዚያ ነውና። መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ዘግቼ ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ። ብርድ ልብሱን አሸታለሁ። አስተናጋጁ እናቱን የሰደብኩበት ያህል ፊቱ ይጠቁራል።

አልፈርድበትም። የሚያድርበትን ክፍል የሚመረምር ሰው ሲያዩት ደስ አይልም። አንገቱ ይረዝማል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ጥፋተኛ ሊይዝ የመጣ ዘበኛ ይመስላል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ። ልዩነታችን እናንተ አስተናጋጁ እስኪወጣ መጠበቃችሁ ነው።

ባለቤቱ ሁልጊዜ ይደብቃል፣ እንግዳው ሁልጊዜ ይፈልጋል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጉድለቱን እየመራ ያሳየኝ ባለቤት ገጥሞኛል። ሆቴል የሚባል ነገር ስሙም ሳይሰማ፣ ከተማው ገና ወደ ፍልውሃ ሳይወርድ፣ እንጦጦ አናት ላይ በነፋስ ሲገረፍ በነበረበት ጊዜ።

ያኔ ጢሜ ገና መብቀሉ ነበር። ሥራዬ መጽሐፍ መገልበጥ ነው። እዚያ ላለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ዳዊት እንድጽፍ ከቡልጋ ተጠራሁ፤ ከአራት ወር የማያንስ ሥራ። ያስጠሩኝ ቄስ፣ «ከታች እመት ዘነቡ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አሉ፤ ቤታቸው ሰፊ ነው፣ እንግዳ ያሳድራሉ። ስለ መምጣትህ መልእክት ልኬባቸዋለሁ» አሉኝ። አልላኩባቸውም። አንዳንድ ሰው ያሰበውን ሁሉ እንደ ላከው ይቆጥረዋል።

ቤት የምመርጠው ለራሴ አልነበረም። እኔ የትም እተኛለሁ። ብራና ግን ውሃ ከነካው ይጨማደዳል፣ ጭስ ከበዛበት ይጠቁራል፣ አይጥ ካገኘው ደግሞ ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ ይበላዋል። ስለዚህ ቀለም ቀንዴንና የመቃ ብዕሬን ወገቤ ላይ እንደ ሻጥኩ ደጅ ላይ ቆሜ፣ «ቤቶች!» አልኩ።

ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሴት ወጡ። ዓይናቸው ፊቴን ዘሎ ወገቤ ላይ አረፈ።

«ቤቱን ላየው መጣሁ» አልኩ።

ከደጁ ገለል አሉ። «ይግቡ፣ ጌታዬ። ቤት ካሉት።»

ጌታዬ! በሕይወቴ ጌታዬ ተብዬ አላውቅም። ደረቴን ነፋ አድርጌ ገባሁ። የምጽፍበትን ቦታ ለማወቅ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው በእርምጃ ለካሁ። ጫጫታ ስለማልወድ፣ «ስንት ሰው ያድርበታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሰው? ሰው አያድርበትም፣ ጌታዬ። እኛም ሌላ ስለሌለን ነው።»

«ጣሪያው እንዴት ነው?»

«ያፈሳል። እዚህ ያፈሳል። እዚያም ያፈሳል። ይኼ ደረቅ የሚመስልዎት ነፋስ ሲነሳ ያፈሳል።»

«አይጥስ?»

«ድመት ነበረችን። አባረሯት።»

«ቁንጫ?»

«በቀደም በግ አሳድረንበት ከስቶ ወጣ።»

ተገረምኩ። እንዲህ ያለ ቅን ሰው አይቼ አላውቅም። እሳቸውም በእኔ መገረም የተበረታቱ መሰሉ፤ ወደ ግድግዳው ሄደው፣ «ይኸው ጭቃው ይረግፋል» ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት። አልረገፈም። በመዳፋቸው ገፉት። አልረገፈም። በትከሻቸው ገጩት።

«ዛሬ ነው እንጂ ሁልጊዜ ይረግፋል» አሉ ትከሻቸውን እያሹ።

ነገሩ ያን ጊዜ ከነከነኝ። የሚያፈስ ጣሪያ ወለሉ ላይ ምልክቱን ይተዋል፤ ጠብታ የቆፈራቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ይኖራሉ። የእመት ዘነቡ ወለል ልስልስ ያለ ነበር። በዚህ ላይ ከመቃ የተሠራ፣ መግቢያው ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ግርዶሽ አለ፤ በዚያ በኩል ሊያስኬዱኝ አልፈለጉም።

«ጓዳውስ?»

«ጥጃ ነው ያለበት።»

ጥጃው አስነጠሰ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ እመት ዘነቡ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። መጋረጃውን ገለጥኩት። ውስጡ አዲስ ተለስኗል፣ ንጹሕ ሣር ተጎዝጉዟል፣ መደቡ ላይ ወፍራም ቁርበት ተነጥፏል። የቤቱ ደግ ደጉ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። በመካከሉ አንዲት ወጣት እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ሆዷ እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

«እማዬ፣ በጉ አልበዛም?» አለች።

እመት ዘነቡ ግን አልሳቁም። እግሬ ላይ ወደቁ። «ጌታዬ፣ አምና ስድስት ወታደር አስገባችሁብኝ። የቤቴን መዝጊያ ፈልጠው አነደዱት። አልከሰስኩም። ዘንድሮም እህሌን ይብሉት፣ ግድ የለኝም። ልጄ አስካለ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው እናቷ ቤት የመጣችው። ወንድ በታጨቀበት ቤት ታምጥ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወታደሩ ከዘመቻ ሲመለስ በየሰው ቤት ይደለደል ነበር። የሚደለድል ሹም አለ፤ ይመጣል፣ በእርምጃ ይለካል፣ ስንት ሰው እንደሚያድርበት ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። እኔ ሳላውቀው አንድም ሳላጎድል ሠርቼዋለሁ።

«እኔ… ዳዊት ልጽፍ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ምን?»

«መዝሙረ ዳዊት። ቄሱ መልእክት ልኬባቸዋለሁ ብለውኝ ነበር።»

እመት ዘነቡ ተነሡ። ጉልበታቸውን አራገፉ። «ታዲያ አንተ ልጅ ከመጀመሪያው አትናገርም? አፍ የለህም?» አሉ። ጌታዬነቴ በዚሁ አለቀ። «ግባ፣ ተቀመጥ። ጣሪያው አያፈስም።»

እውነትም አላፈሰም። በምሰሶው አጠገብ፣ ከበሩ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ሥራዬን ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት መርምሬያለሁ፤ ያን የመሰለ ለጽሕፈት የተመቸ ቦታ አላገኘሁም።

እውነተኛው ሹም ሰኞ መጡ። በቅሎ ላይ የተቀመጡ፣ ድካም የተጫናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤት ያውቃሉ። በዘንጋቸው ጫፍ የጣሪያውን ሣር ወጋ አድርገው ድምፁን ሰሙ። እመት ዘነቡ ጉድለቱን መደርደር ሲጀምሩ ሹሙ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ይሉ ነበር። «ያፈሳል» ሲሉ «ያፈሳል»፣ «ቁንጫ» ሲሉ «ቁንጫ»፤ ማኅሌት የቆሙ ይመስላሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

የሰማሁትን ሳላዛንፍ መድገም ሙያዬ ነው። ነፋሱን፣ አይጡን፣ የተባረረችውን ድመት ሁሉ ደገምኩላቸው። በጉን ትንሽ አከሳሁት።

ሹሙ ሰምተው ሲጨርሱ ብራናዬን አዩ። «ይኼ ሁሉ ጉድ ካለበት ይህን የመሰለ ብራና እዚህ ምን ያደርጋል?»

ብራናዬን በጋቢዬ ጫፍ ሸፈንኩት። 

እመት ዘነቡ ሌላ መንገድ ሲጠፋቸው መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡ። ሹሙ አንድ ጊዜ አይተው ፊታቸውን ወደ ደጅ መለሱ። «አራስ ቤት ወታደር አላስገባም» አሉ። «ግን አልወለደችም።»

«ትወልዳለች!»

«ሁሉም ትወልዳለች። ወታደሩ ሐሙስ ይገባል። እስከዚያ እልልታ ከሰማሁ አልፋለሁ። ካልሰማሁ ስምንት ሰው።»

እንዲህ ያለ ሦስት ቀን አይግጠማችሁ። አስካለን ተልባ አጠጧት። ምሰሶውን አዞሯት። አዋላጇ መጣች፣ ሆዷን ነካክታ፣ «ገና ነው» አለች፤ እመት ዘነቡም አዋላጇን እንደ ጠላት አዩአት። እኔ መስመሬን እየሳትኩ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ሁላችንም የአንዲት ሴት ሆድ ላይ አፈጠጥን።

«አታፍጥጡበት» አለች አስካለ። «ስምንት ወታደር ደጅ እንደሚጠብቀው ሰምቶ ይሆናል። እኔም ብሆን አልወጣም።»

ሐሙስ ረፋድ የበቅሎ ኮቴ ከታች ተሰማ። የብዙ ሰው ድምፅ አብሮት አለ። አስካለ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ምጥ የሚባል የለም። እመት ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ልጃቸውን አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ።

በእኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። እመት ዘነቡ ሰባት አሉ። በኋላ ለምን ሰባት እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ሦስት ቢሆን ሳይሰማ ቢያልፍስ?» ብለውኛል።

እኔ ግን ገና ሦስተኛው ላይ ሳሉ ብራናዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። አስቡት፤ ሴት በወለደችበት ቤት የቤተ ክርስቲያን ሰው አይቀመጥም፣ ዳዊትም አይጻፍም። እኔ እዚያ ምሰሶ ሥር ተደላድዬ ከተገኘሁ እልልታው ሐሰት መሆኑን ማንም ያውቃል። ቀለሜን ከደንኩ፣ ብራናዬን በብብቴ ያዝኩ፣ ያን የማያፈስ ጣሪያ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አይቼ ወጣሁ።

ሹሙ ደጅ ደርሰዋል። «ምን ወለደች?»

«ሰባት ነው የሰማሁት፣ ጌታዬ።»

ብራናዬን አዩ። ፊቴን አዩ። «በል ሂድ» ብለው በቅሏቸውን አዞሩ፤ ስምንቱም ተከተሏቸው።

ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ጎጆ ሰጡኝ። አልመረመርኳትም። ጣሪያ እንዳላት ያወቅኩት ስታፈስ ነው። አራት ቅጠል ብራና ተበላሸብኝ፤ እንደገና ጻፍኩት።

ከሳምንት በኋላ እመት ዘነቡን ከአጥሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሑድ ወለደች። ሴት» አሉኝ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! እልልታውስ?»

«ማዶ ያሉት ቤቶች ወታደር ገብቶባቸዋል፤ ይሰማሉ። እኔና አዋላጇ አንድ ጋቢ ውስጥ ራሳችንን ከተን፣ አፋችንን ይዘን ሦስት ጊዜ አልን።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የልጅ ልጄ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በስውር ገባች፣ ልጄ።»

 ቤቱ ተርፏል። እልልታው ግን አንዴ ወጥቶ አልቋል፤ ላልተወለደ ወንድ።

ፍርሃቱ በዚህ አላበቃም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። አርባው ሲደርስ፣ «ልጁን ለምን አያስነሱትም?» የሚል ሰው እንዳይመጣ እመት ዘነቡ ደጅ ደጁን ሲያዩ ከረሙ። ማንም አልመጣም። በሰማንያው ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ድግሱም ተደገሰ። እኔም ተጠርቼ በዚያ በምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ፤ ጠላው ገና መቀዳቱ ነበር፣ ሹሙ ብቻቸውን ገቡ።

 አስካለ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ሹሙ ጎንበስ ብለው ሕፃኗን አዩ፣ መረቁ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡና አንድ ዋንጫ ጠላ ጠጡ።

«ጸሐፊው» አሉኝ፣ «ሰባት ነው ያልከኝ።»

«ሰባት ነው የሰማሁት፣ ጌታዬ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።» ዋንጫቸውን እንዲሞሉላቸው ዘረጉ። «በዚያች ሐሙስ ከዚህ እስከ የካ አፋፍ ድረስ አሥራ አራት ቤት እልል አለ። አሥራ አራቱም ሰባት ሰባት። አንዲት ሴት አልተወለደችም! አንዷ ወላድ እንኳ የኔ እኩያ ናት፤ አብረን ነው ያረጀነው። ከአሥራ አራቱ የእውነት ልጅ ያየሁት ዛሬ እዚህ ነው፤ ደስ ብሎኝ መጣሁ።»

ሁሉም ሳቀ። እመት ዘነቡ ግን ማሰሮውን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ። «ታዲያ ያን ሁሉ ወታደር የት አስገቡት፣ ጌታዬ?»

ሹሙ ጠላውን ጨልጠው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እኔ ቤት» አሉ። «የኔ ሚስት እልል ማለት አላሰበችም።»