የነጸብራቅ ደብተር

ትምህርት ቤታችን በማስተማር ብዙ ጊዜ ያባክን እንደነበር የታወቀው በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለሦስት ቀን ስብሰባ ሄደው አንድ ቃል ይዘው ተመለሱ። ቃሉ «ነጸብራቅ» ይባላል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑን በጣታቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉና «ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ መማሩ ብቻ አይበቃም፤ በተማረው ላይ ማንጸባረቅ አለበት!» አሉ። አጨበጨብን። የፊዚክስ መምህራችን ብቻ ግራ ገብቷቸው «የመስታወቱን ነው?» ብለው አጠገባቸው የቆሙትን ጠየቁ። አይፈረድባቸውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ነጸብራቅን ያስተማሩት በመስታወትና በባትሪ ነው።

በማግስቱ ለእያንዳንዳችን ሰማያዊ ደብተር ታደለን። በየገጹ ሦስት ጥያቄ ታትሟል። «ምን ተማርኩ?»፣ «ምን ተሰማኝ?»፣ «ወደፊትስ ምን ይሰማኛል?» ሥራውን የሚከታተል የነጸብራቅ አስተባባሪም ተሾመ። ሹመቱ የደረሳቸው የስፖርት መምህሩ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ኳስ ከተነፈሰች ወዲህ እጃቸው ላይ ምንም ሥራ አልነበረም።

እኔ አሥረኛ «ለ» ነኝ። በቁጥር ደካማ፣ በወሬ እሳት የሆንኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ መርፌ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርን» ትለኛለች። እናም መመሪያው እኔን አስቦ የወጣ መሰለኝ።

መጀመሪያ ላይ የምናንጸባርቀው ከአርባው ደቂቃ የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ጥልቀት ይጎድለዋል» ተባለና አሥራ አምስት ሆነ። በአራተኛው ሳምንት ሠላሳ ደረሰ። በተረፈችው አሥር ደቂቃ ደግሞ መምህራኑ ስም ይጠራሉ፣ ደብተር ይሰበስባሉ፣ ሰሌዳ ይጠርጋሉ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር ባይኖርም ይጠርጉታል፤ ልማድ ነው።

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህሯ «ልብ» ብለው በትልቁ ጻፉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ «የእኔ ልብ አንድ ክፍል ብቻ አላት፤ እሷም ሞልታለች» ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ አነበቡትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ ጥልቅ!» ብለው አሥር ከአሥር ሰጡኝ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ «ልብ አራት ክፍል አለው» ብላ ነበር የጻፈችው። እሷ «ስሜት የለውም» ተብላ አራት አገኘች።

ታሪክ ላይ አንድ ጦርነት መቼ እንደተካሄደ ክርክር ተነሣና በእጅ ብልጫ ተወሰነ። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ተከፈተ፤ ፎቶ ተነሥተን ተዘጋ። ጓደኛዬ «ከአሲዱ ጋር ተዋወቅን፣ ተግባባንም» ብላ ጻፈች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ መውጣት ቀረና ተቀምጠን ስለ ሩጫ እንጽፍ ጀመር። እኔ አራት መቶ ሜትሩን ሕያው አድርጌ ስጽፈው አስተባባሪው አንብበው ሲጨርሱ ላባቸውን ጠረጉ። «በርቺ ልጄ፣ አሁን ግን ውኃ ጠጪ» አሉኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው አስቸገረ። የሒሳብ መምህሩ። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ «ጠመኔው» እንላቸዋለን። እሳቸው ደወል ሲደወል ይገባሉ፣ ደወል ሲደወል ይወጣሉ፤ በሁለቱ ደወሎች መሐል ያስተምራሉ።

«ቲቸር፣ ነጸብራቁስ?» አልናቸው።

«እቤታችሁ ስትሄዱ። አሁን ኤክስን ፈልጉልኝ።»

ሲያስተምሩ ደግሞ ሰው አይተዉም። ያልገባው ካለ እስኪገባው፣ የገባው ካለ እስኪያስረዳ። አንድ ቀን እኔን ሰሌዳ ላይ ሩብ ሰዓት አቁመው ኤክስን አስፈለጉኝ። አገኘሁት፤ ሰባት ነበር። ግን ክፍሉ ስቆብኛልና ሰባትነቱ አላስደሰተኝም። ማታውኑ ሰማያዊው ደብተር ላይ ተበቀልኳቸው። «አእምሮዬ ድንጋይ ላይ እንደተፈጨ ገብስ ደቀቀ። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ያለነው ወጣቶች ሳይሆን የደከሙ ጥላዎች ነን» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፉ አማረ። ክፍሉም ወዶት አርባ ሦስት ተማሪ ቃል በቃል ገለበጠው።

አስተባባሪው አርባ ሦስቱንም ደብተር ተሸክመው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። እኔን «የጽሑፉ ባለቤት» ብለው አስጠሩኝና በሩ አጠገብ አቆሙኝ። ጠመኔው ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ተማሪዎችዎ በክፍለ ጊዜዎ ምን ይሰማቸዋል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ይገባቸዋል።»

«የጠየቅንዎት ስለ ስሜት ነው።»

«እኮ፣ ይገባቸዋል።»

«መግባት ስሜት አይደለም» አሉ አስተባባሪው። መመሪያውን ገለጥ አድርገውም አሳዩ። እውነትም በተፈቀዱት ስሜቶች ዝርዝር ውስጥ «መግባት» የለም።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ደቅቀሻል ወይስ አልደቀቅሽም?»

ጠመኔውን አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የክፍለ ጊዜ ድልድል ነበር፤ ቀጣዩ ክፍል እንዳያመልጣቸው። «ደቅቄያለሁ» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ጠመኔው ከማስተማር ተነሥተው ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኑ። ቤተ መጻሕፍቱም የቀድሞው አይደለም። የሞሉትን የነጸብራቅ ደብተሮች ማስቀመጫ ስለጠፋ፣ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ወርደው ወለል ላይ ተከምረዋል፤ መደርደሪያው ለእኛ ስሜት ተለቋል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አስተባባሪው ራሳቸው እየገቡ ስለ ቁጥሮች የሚሰማንን ያጽፉን ጀመር። እኔ ስለ ዜሮ ብቸኝነት አራት ገጽ ጻፍኩ።

ከበላይ የመጡ እንግዶች ሲጎበኙን ይህንኑ አነበብኩላቸው። ከመሐላቸው አንዲት ወይዘሮ እጃቸውን አወጡና «በጣም ደስ ይላል። ግን ትምህርቱ የሚሰጠው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«በነጸብራቁ ውስጥ ተካቷል» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ወይዘሮዋ ጻፉት። ሌሎቹም የጉብኝታቸውን ነጸብራቅ ሞልተው፣ ለትምህርት ቤቱ የአርአያነት ሰርተፊኬት ሰጥተው ሄዱ። እኔም ለብቻዬ አንድ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። በሩጫ ወሰድኩላት ለእናቴ። የስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ ከክር ማስቀመጫው በላይ ለጠፈችው። ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ናት» ትል ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንድ ሆቴል ለአስተናጋጆቹ አሥራ ሁለት ሽርጥ አዘዛት። እናቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ «ለአንዱ ሰማንያ አምስት ሳንቲ ሜትር። ለአሥራ ሁለቱ ስንት ላምጣ? አንቺ ቶሎ በይ፣ ጨርቅ ቤቱ ሊዘጋ ነው» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽርጦቹን አሰብኳቸው። «ስምንት ሜትር» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይሰማኛል።»

ሰርተፊኬቱን ቀና ብላ አየችና አመነችኝ። ስምንት ሜትር ገዝታ መጣች። ዘጠኝ ሽርጥ ቆርጣ ስትጨርስ እጇ ላይ የቀረው መሀረብ የሚያህል ቁራጭ ነው። ተመልሳ ስትሄድ የዚያ ቀለም ጨርቅ አልቋል። ሆቴሉ ዘጠኙንም መለሰባት፤ «ሦስቱን አስተናጋጆች ምን እናልብሳቸው?» ብሎ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አላዘዛትም።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠኙን ሽርጥ አንድ በአንድ አጣጠፈችና «ልጄ፣ ጨርቅ በስሜት አይለካም» አለችኝ። «እኔ እኮ አልተማርኩም። አንቺ ተምረሽ ነው ያመንኩሽ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጠመኔው የተከመሩት መጻሕፍት ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ‹ገብስ› ላይ ፊደል ገድፈሻል። አርባ ሦስቱም ገድፈዋል።»

«ቲቸር፣ በእኔ ምክንያት ነው እኮ…»

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። በይ አሁን ሰማንያ አምስትን በአሥራ ሁለት አባዢ።»

የሽርጡን ነገር ከማን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሠፈሩ ትንሽ ነው። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጡኝ። ሰሌዳ ስለሌለ በመደርደሪያው ጎን ላይ ጻፍኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው አንድ ሺህ ሃያ ሲወጣልኝ፣ ማለትም አሥር ሜትር ከሃያ፣ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን «ምን ተሰማሽ?» አላሉኝም። «ሌላ ልስጥሽ?» ነው ያሉኝ።

በሳምንቱ ልብ አራት ክፍል አለው ያለችውን ልጅ ይዤ ሄድኩ። እሷ እህቷን አመጣች። ወር ሳይሞላ አሥራ አንድ ሆንን። ከሒሳቡ ፋታ ስናገኝ ወለሉ ላይ የተከመሩትን መጻሕፍት እናገላብጣለን። የፊዚክስ መምህሩም ወሬው ደርሷቸው፣ መስታወትና ባትሪያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ግራ ቀኝ አይተው ገቡ። ብርሃኑን መስታወቱ ላይ አብርተው፣ በየትኛው ማዕዘን እንደሚመለስ በማስመሪያ አስለኩን። የዚያን ቀን ፊታቸው ሲበራ ለማየት ባትሪም አላስፈለገም።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና መጣ። ፈተናው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ስለ ስሜት የሚጠይቅ ገጽ አልነበረውም፤ ብዙዎች ወረቀቱን ገለባብጠው ፈልገውት አጡት። ውጤቱ ሲለጠፍ ከሦስት መቶ ስድስት ተማሪ ያለፈው አሥራ አንድ ነው። እናቴ ስሜን በጣቷ እየተከተለች ሦስት ጊዜ አነበበች። ከዚያ እዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ እልል አለች።

ርዕሰ መምህሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው «የፈተናው መውደቅ» ይል ነበር። አስተባባሪው ከነጸብራቅ ደብተሮቹ ያጠናቀሩትን ሪፖርት አነበቡ። ዘጠና ስምንት ከመቶ የሚሆነው ተማሪ ትምህርቱ በሚገባ እንደተሰማው በገዛ እጁ ጽፏል። ማስረጃው ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ስሕተቱ የፈተናው ነው ተባለ፤ ለፈተናውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ቀረ የእኛ ጉዳይ። በተሳሳተ ፈተና ላይ ትክክለኛ መልስ የሰጡ አሥራ አንድ ልጆች ሊጠረጠሩ ይገባል። ተሰልፈን ገባን።

«መልሱን ከየት አመጣችሁት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ልብ አራት ክፍል አለው ያለችው ልጅ ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈች። በሩ ዘንድ ቆሜ «ደቅቄያለሁ» ያልኩበት ቢሮ ነው። ዛሬ ግን እውነቱን ተናገርኩ።

«ተምረን ነው።»

«የት? በማን ፈቃድ? ማነው ያስተማራችሁ?»

ወደ ጣሪያ፣ ወደ መስኮት፣ ወደ ጫማችን አየን። ያኔ ከኋላ መቀመጫ አንድ በጠመኔ የነጣ እጅ ወጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጠመኔው። «ምሳ ሰዓት ላይ።»

ከጎናቸው የፊዚክስ መምህሩም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው ተነሡ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ስብሰባው ጸሐፊ ዞረው ሲያዙት፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈረውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ተማሪዎቹ መማራቸውን፣ መምህራኑም ማስተማራቸውን፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት አምነዋል።»