ኮሌታ መርማሪው አቶ ተክለማርያም

የማይረካ ደንበኛ ያልገጠመው ልብስ ሰፊ የለም። ሸሚዙን ወስዶ፣ ከፍሎ፣ መርቆ ይሄድና በማግስቱ ፊቱን አጨፍግጎ ይመለሳል። የጅጅጋው የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ክቡር አቶ ተክለማርያም ነበሩ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ደብዳቤ ስላጡ፣ የዋርዳን ስፌት ማረም ያዙ።

ዋርዳ በክራንች የምትሄድ፣ የአካል ጉዳተኞች ልብስ ስፌት ማኅበር ሰብሳቢ ናት። በሚሊኒየሙ ዓመት አንድ የዕርዳታ ድርጅት የስፌት መኪናዎች ሰጥቶ ሱቁን ሲያስመርቅ፣ እንግዳ ሁሉ "ማሻአላህ! እንዲህ ሆናችሁ ሰፍታችሁ!" እያለ ገዛ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። የሚመለስ ግን ጠፋ። ዋርዳ እነዚያን ሸሚዞች በኋላ ያየቻቸው የየመሥሪያ ቤቱ ዘበኞች ለብሰዋቸው ነው።

አቶ ተክለማርያም ግን ማስመሪያ ይዘው ተመለሱ።

"ይሄም ሸሚዝ ሆነና! አንዱ ኮሌታ ሐረርን ያያል፣ ሌላው ቶጎ ውጫሌን!"

ተፈትቶ ተሰፋ። በሳምንቱ የቁልፍ ማስገቢያው ጠበበ፤ ቀጥሎ ኪሱ ተንሻፈፈ። መስማት የማትችለው ባቱሎ እንኳ አልተረፈችም፤ የተጣመመውን ስፌት በጣታቸው እየተከተሉ በምልክት ወቀሷት። አንድ እግሩን ያጣው ጨርቅ ቆራጩ ሂርሲ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

"አቦ ጋሽ ተክለማርያም፣ ለአካል ጉዳተኛ እንኳ ትንሽ አያዝኑም?"

"በእግርህ ነው እንዴ የቆረጥከው?"

ሂርሲ በሳቅ ፈረሰ። ዋርዳ ግን ስትናደድ ዋለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ስታስበው ሰውየው እውነታቸውን ነው።

የድርጅቱ ድጋፍ ሲያበቃ የሱቁ ኪራይ ከበዳቸው። ያን ሰሞን አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋለት ይፈልግ ነበር። ሥራው ካመለጣቸው ሱቁ ይዘጋል፤ ሂርሲም ድሮ እጁን ወደሚዘረጋበት መስጊድ በር መመለሱ ነው። ዋርዳ ናሙናውን ሰፍታ መጀመሪያ የወሰደችው አቶ ተክለማርያም ቤት ነው። ሁለቴ መለሱት። በሦስተኛው ገለበጡት፣ ጎተቱት፣ ፀሐይ ላይ ዘረጉት፤ ከዚያም ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ቅር እያላቸው "በቃ፣ ውሰጂው" አሉ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዩኒፎርሙን አገላብጦ አየ። ክራንቿን አላየም፣ ማሻአላህም አላለም።

"ትምህርት ሳይከፈት ይደርሳል?" አለ ብቻ።

ዋርዳ ከዚያ በቀጥታ ወደ አቶ ተክለማርያም ቤት ሄደች። በሩን ከፍተው ሰላም ሳይሏት፣ "ምን ጎደለው አሉሽ?" አሏት።

"ምንም። ሥራውን ሰጡን። አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ተክለማርያም። ሰው ሁሉ ሲያዝንልን፣ የተቆጡን እርስዎ ብቻ ነዎት።"

አቶ ተክለማርያም ገብተው ወንበር አመጡላት።