መንገዱ ሀገሩ የገባ ለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር ላይ ውሾች መታወቂያ ሲጠይቁ አየሁ። ዘበኞቹ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተጋድመው ዝንብ ያባርራሉ። አንደኛው ውሻ መታወቂያዬን ተቀብሎ ፊትና ጀርባውን አሸተተና «ፎቶው ይግባ፤ አንተ እዚሁ ቆይ» አለኝ።

«ፎቶው እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሱ ፂሙን ተላጭቷል። አንተን አላውቅህም።»

ፎቶዬ ከካርዱ ላይ ወረደና ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ገባ። እኔም «ከሱ ጋር ነኝ፣ ከሱ ጋር ነኝ» እያልኩ ከኋላው ሾለክሁ።

ሕልም ነውና ነገሩ አልገረመኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ይበልጣል ለፋሲካ ወደ ሀገሩ ተሳፍሮ ገና «ደረስኩ» አላለም።

«ደረስኩ» እኔ የሠራኋት ድረ ገጽ ናት። የምማረው የአፈር ሳይንስ ነው፤ ድረ ገጽ መሥራት ግን ሱሴ ነው። ሌላው ኳስ ሲያይ እኔ ኮድ ላይ አፈጣለሁ። አንዷ ገጼ ሻወር ቤት ውሃ መምጣቱን ትናገራለች። አንዷ የካፌውን ምሳ ታሳውቃለች፤ ምሳው ሁልጊዜ ሽሮ ስለሆነ ከሠራኋት ወዲህ ነክቻት አላውቅም። «ደረስኩ»ን የሠራኋት ግን ወደ ይበልጣል ሀገር በሚወስደው መንገድ ታጣቂዎች ሰው ከአውቶቡስ እያወረዱ መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ነው። ወደ ሀገሩ የሚሄድ ተማሪ ስሙን ያስገባል። ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ላይ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ስሙ አረንጓዴ ይሆናል፤ እኛም እንቅልፍ ይወስደናል። ከዶርማችን መጀመሪያ የሄደው ይበልጣል ነው። በዚያው መንገድ የሚሄዱት ሌሎቹ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው የሱን ስም አረንጓዴ መሆን ይጠብቃሉ።

በሕልሜም ይበልጣልን ፍለጋ ፈተና አዳራሽ ገባሁ። መምህራኑ ተደርድረው ይፈተናሉ፤ ተማሪዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመካከላቸው ይንጎራደዳሉ። ዶክተር ውብሸት እጅጌያቸው ውስጥ አጤሬራ ደብቀዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«የኔ ልጅ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ። ሲ እንኳ ብትሰጠኝ…»

«ይበልጣልን አይተውታል?»

«ስንተኛው ጥያቄ ነው እሱ?» አሉና ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ወደ ካፌ ሄድኩ። ዳቦዎች ትሪ ይዘው ተሰልፈው ተማሪ ይመርጣሉ። አንዱ ጉንጬን ጫን ጫን አደረገና «የትናንት ነው፤ ደርቋል» ብሎ አለፈኝ። ሰው ሲንቅህ ትለምደዋለህ፣ ዳቦ ሲንቅህ ግን ያማል።

ዶርም ስገባ «ደረስኩ» አልጋዬ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ላፕቶፔን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔን እየሠራችኝ ነው።

«አትንቀሳቀስ! ጭንቅላትህን መሃል ላይ ላደርገው ከጠዋት ጀምሮ እየታገልኩ ነው።»

ዳሰስኩት። እውነቷን ነው፤ ግራ ትከሻዬ ላይ ነው ያለው።

«እሱን ተይውና፣ ይበልጣል ደረሰ ወይ?»

«እግርህ ደግሞ ስልክ ላይ አይታይም። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚያይህ።»

«ይበልጣልን ነው የጠየቅኩሽ!»

«ታዲያ መነሃሪያ ሄደህ ስልኩን አትጠይቀውም?» አለችና ጭንቅላቴን ሳትመልሰው ላፕቶፑን ዘጋችው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ መነሃሪያ ሄድኩ። ተሳፋሪዎቹ አውቶቡሱን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። አውቶቡሱ ከላያቸው ተንጋሎ «ቀስ በሉ እንጂ! ሰው አይደለሁም እንዴ?» እያለ ይቆጣል። በየጥጉ ስልኮች በእግራቸው ይመላለሳሉ። ባለቤቶቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋቸዋል፤ አልፎ አልፎ እያወጡ ፊት ፊታቸውን በጣት ጠረግ ያደርጉና ይመልሷቸዋል። አንዲት ስልክ አንድ ሽማግሌ እያራገፈች ለጓደኛዋ ታማርራለች።

«ጠዋት ሞልቼው ነው የወጣሁት። ይኸው ምሳ ሳይደርስ ተዘጋብኝ።»

ከመነሃሪያው በስተጀርባ አስፋልቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሣር ብቻ አለ። የመንገዱን መፈተሻ ኬላ አየሁት። ፈታሾቹ በሁለት እንጨት መሃል ተወጥረው ታስረዋል፤ ገመዱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«መንገዱስ?» አልኩት።

«ለበዓል ሀገሩ ገባ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«የሄደ ሁሉ የሚመለስ መሰለህ?» አለ ገመዱና መፋቂያውን ተፋ።

ከገመዱ ማዶ የይበልጣል መንደር ቆሟል። ልጁ አልመጣ ሲለው ተነሥቶ በእግሩ መጥቷል፤ ቤቶቹ፣ ባሕር ዛፎቹ፣ ወፍጮ ቤቱ ሳይቀር አቧራ ለብሰዋል። ገመዱ «መታወቂያ የሌለው መንደር አላሳልፍም» ብሎ አግዶታል። አንዲት ቆርቆሮ ቤት ከሌሎቹ ፈንጠር ብላ ወደ ፊት ተጠጋችና በመስኮቷ ጠራችኝ።

«ልጄን አይተኸዋል?»

ላያት ወደ ገመዱ ተጠጋሁ።

ያን ጊዜ የይበልጣል ስልክ ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለ። በፊቱ ስንጥቅ ነው ያወቅኩት። ብቻውን ነው።

«ይበልጣልስ?»

ኪሶቹን ዳበሰ፤ የደረቱንም፣ የኋላውንም። «እዚህ ነበር ያደረግኩት» አለ። «ወድቆብኝ ነው መሰለኝ።»

«የት?»

«ባውቅማ አነሣው አልነበር? ይሁን፣ ሌላ ሰው እገዛለሁ።»

እያፏጨ ሄደ። ቤቲቱ ሁሉን ሰምታለች። መስኮቶቿ አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። «ቆይ፣ እፈልገዋለሁ!» ብዬ ልጮህ አፌን ብከፍት፣ አፌ ያለው ግራ ትከሻዬ ላይ ነውና ድምፄ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ።

በጩኸት ነቃሁ። ነግቷል። የሚጮኸው የዶርም ጓደኛዬ መልካሙ ነው።

«ተነሥ አንተ! ይበልጣል ደረሰ!»

ስልኬን አፈፍ አደረግኩ። እውነት ነው፤ ስሙ አረንጓዴ ሆኗል። ዕንባዬ መጣ። መልካሙና ሁለቱ ልጆች ጫማቸውን አጥልቀው ሻንጣቸውን አንግበዋል። «መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው፤ ሚኒባስ ሳይሞላብን እንሂድ» ተባባሉ። አንድ በአንድ አቀፍኳቸው። «በሰላም ግቡ» አልኩ፤ እኔው ነኝ ያልኩት። ወጡ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተመልሼ ተጋደምኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስልኬ ጠራ። የይበልጣል እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ይበልጣል እናንተ ጋ ነው እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ጋ ደርሷል! አሁን ነው ያየሁት።»

«የት ደርሶ ልጄ? አልመጣም።» አሉኝ። «ስልኩን ሌላ ሰው ነው የሚያነሣው። ስሙን ስጠራለት ይስቃል።»

ስልኩን ጥዬ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ዋናው በር ስደርስ ሦስቱም ገብተው ሚኒባሱ ተነሥቷል። «ውረዱ! ውረዱ!» እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ። መልካሙ በመስኮት አንገቱን አወጣና ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«አይዞህ!» አለኝ እየሳቀ። «እንደደረስን እንጫናለን!»