በሻምፖ የታጠበው አውራ ዶሮ

ዶሮ በሻምፖ ሲታጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ታጥቦ፣ በፀጉር ማድረቂያ ደርቆ፣ እግሩን ቫዝሊን ተቀብቶ። እኔ ለሰርጌ እንኳ እንዲያ አልተሰናዳሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሊኒየሙ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በዓሉ ረቡዕ ነው የሚውለው፤ እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን ዶሮ ከመሥራት የሚያድነን ጾም የለም። አማቴ እማማ ብርቄ ደግሞ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ፍሪጁን ከፈቱ፣ ፕላስቲክ የለበሰውን ዶሮ አዩ፣ መልሰው ዘጉት።

"ሲራመድ ያላየሁትን ዶሮ አልበላም" አሉ። "ሁለት ሺህ ዓመት ጠብቀን በሬሳ ልንቀበለው ነው?"

የአማት ሆድ ሲጎድል የሚጎድለው የምራት ስም ነው። ወሬው በአምስት ዶላር የስልክ ካርድ አዲስ አበባ ይገባል። የሐበሻ ሱቅ የሞላበትን ሃቫና ስትሪትን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። ከበርበሬ እስከ ነጠላ ሁሉም አለ፤ የሚራመድ ዶሮ ግን የለም።

ከዚያ ጋዜጣ ላይ "የዶሮ ትርኢት" የሚል አየሁ። እኔ መቼም ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር። ማንበብና መረዳት ግን ይለያያሉ። ያን ያህል ዶሮ የተሰበሰበበት ቦታ ገበያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

እማማ ብርቄን ይዤ ሄድኩ። ፓርክ አድርገን ገባን። አዳራሹ ሙሉ ዶሮ በየሽቦ ቤቱ ተኮፍሷል፤ ዋጋ የሚጠራ ግን የለም። አንዱ በሻምፖ ይታጠባል፣ አንዱ እግሩን ቫዝሊን ይቀባል። ለካ የቁንጅና ውድድር ነው! አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው። ጎረቤቴ ወፍ እየቆጠረ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ አይበላት፣ አይሸጣት።

ይህን ሳላስረዳቸው እማማ ብርቄ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ከቤቱ አውጥተዋል። በእጃቸው መዘኑት። የደረቱን ላባ እፍ ብለው ገለጡት። ጨመቅ፣ ጨመቅ አደረጉት። ናንሲ የምትባል አሮጊት፣ የዶሮው ባለቤት፣ እየሮጠች መጣች። አለቀልን አልኩ።

"እናትሽ ምን እያሉ ነው?" አለችኝ።

እማማ ያሉት "አሥራ ሁለቱም ብልት አምሮ ይወጣዋል" ነበር።

"ምኑም አልጎደለበትም ይላሉ" ብዬ ተረጎምኩ። ዋሸሁ?

ወዲያው ነጭ ካፖርት የለበሰ ዳኛ መጣ። ያንኑ ዶሮ አነሳ፣ መዘነ፣ ላባውን እፍ አለ፣ ደረቱን ጨመቀ። እማማ ብርቄ ክርኔን ጨምድደው ያዙኝ፦ "ቶሎ በይ እንጂ! ሰውዬው ሊቀድመን ነው!"

ዳኛው ለዶሮው የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪባን ሰጠው። ናንሲ እማማን አቀፈቻቸው፤ ከዳኛው ቀድመው አውቀውታል እኮ! ቤቷ አውራ ዶሮዎቹ በዝተውባት ኖሮ የአሸናፊውን ወንድም በካርቶን አድርጋ በነፃ ሰጠችን። "ሄንሪ ይባላል" አለች፤ "ማታ ማታ መታቀፍ ይወዳል።" ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኔ ያታለልኩት ግን የዶሮውን ባለቤት ነው፤ ለወጥ እንደምንወስደው ሳልነግራት።

በዋዜማው ባለቤቴ ታደሰ ቢላ ይስላል።

"ያቺ ሴትዮ ስትሸኘን ምን አለች?" አሉኝ እማማ። ይሄ አፌ መቼ ዝም ይላል? ነገርኳቸው።

"ስም አለው?"

"ሄንሪ ነው የሚባለው።"

"ሄንሪ!" አሉ እማማ። ዶሮው ዞር ብሎ አያቸው። በቃ።

"አንተ ታደሰ፣ ቢላውን አስቀምጥ።"

"እማዬ፣ ዶሮ እኮ ነው!"

"ሲጠሩት የሚዞረውን? አንተ እንኳ ስጠራህ አትዞርም!"

ሚሊኒየሙን በፍሪጁ ዶሮ ተቀበልነው። ሄንሪ፣ ቅዳሜ ለናንሲ እስክንመልሰው፣ በረንዳ ላይ ስንዴውን ይለቅማል። ወጡን አወጣሁ። እማማ ብርቄ ቀመሱ። ደገሙ። የልጃቸውን ፈረሰኛ ሳይቀር አነሱት።

"እንዴት ነው እማማ?" አልኩ።

"ይጣፍጣል" አሉ አጥንቱን እየጋጡ። "ሲራመድ አላየሁትማ።"