ከቀኝ የሚነበበው ሰውዬ

የጋዜጣ ዕድሜ አጭር ነው። ጠዋት ባለሥልጣን ያስደነገጠ ወረቀት ከሰዓት በኋላ ቆሎ ይጠቀለልበታል። ርዕሰ አንቀጹ፣ ማስጠንቀቂያው፣ «በአስቸኳይ» የተባለው ነገር ሁሉ ገና ቆሎው ሳያልቅ ይረሳል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ሳይሞት የሚቀረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሙት ዓመት ማስታወቂያው በላይ፣ በአራት ክፈፍ ውስጥ የተሣለው አስቂኝ ሰውዬ ነው። ለምን? እኔ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። መምህር ነኛ! መምህር የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ያስተምረዋል።

ሸዋ ሮቢት፣ እትዬ ዘሀራ ሻይ ቤት፣ በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሰውዬ አለ። እትዬ ዘሀራ ጭቃው እንዳይራገፍባቸው ግድግዳውን በጋዜጣ የለበጡት የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ዜናውን ጭስ በልቶታል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ሰውዬው ግን ይኸው አለ። ቃል አይተነፍስም። በአንደኛው ክፈፍ ባርኔጣውን ደፍቶ ከአህያ ኋላ ቆሟል። በሁለተኛው አህያዋ ትራገጣለች። በሦስተኛው ሰውዬው አየር ላይ ነው። በአራተኛው ቦይ ውስጥ በአናቱ ተተክሎ ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ በዚህ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ስቄያለሁ፤ በሮቢት ሙቀት ደግሞ ሰው የሚስቅበት ነገር ብዙ አይደለም።

የቀወቱ ገበሬ ጋሽ ሰይድ ግን አንድም ቀን ስቀውበት አያውቁም። በየገበያው ቀን ይመጡና ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ አየት አድርገውት፣ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ይነሳሉ። አህያ ረግጣው ቦይ የገባ ሰው ምኑ ያስመሰግናል? አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው። «ወጣ እኮ!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። ለካ ጋሽ ሰይድ ማንበብ የተማሩት ቁርአን ቤት ነው፤ ሥዕሉንም የሚያነቡት ከቀኝ ጀምረው ነው! ሰውዬው መጀመሪያ ቦይ ውስጥ ተዘቅዝቋል፤ ከዚያ በአላህ ፈቃድ ወደ ላይ ይነሳል፤ አህያዋ በኋላ እግሮቿ ትቀበለዋለች፤ በመጨረሻም ባርኔጣውን እንደደፋ፣ አንዲት የጭቃ ጠብታ ሳትነካው ቀጥ ብሎ ይቆማል። መልካም ነገር ሁሉ በቀኝ እንደሚጀመርም ጨምረው ነገሩኝ።

እስቲ አሁን የእኔን ጅልነት እዩልኝ። ዝም ብዬ ሻዬን አልጠጣም? የለም! ተነስቼ፣ ጣቴን በየክፈፉ እያሳለፍኩ፣ ይህ ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ አስረዳኋቸው። ጋሽ ሰይድ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እና አይወጣም በለኛ?» አሉኝ። «አይወጣም» አልኳቸው፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ኮስተር ብዬ። ሃያ ዓመት በየገበያው ቀን ሲወጣ የኖረውን ሰውዬ በአንድ ብርጭቆ ሻይ መልሼ ቦይ ከተትኩት። ጋሽ ሰይድ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። እትዬ ዘሀራ ሻዩን ላዬ ላይ ሊደፉት ምንም አልቀራቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋሽ ሰይድ ሰላም የምትባል አህያ አለቻቸው። ሰላም ስሟ ነው እንጂ አመሏ አይደለም፤ አርጅታ ጭነት ብትተውም እርግጫ አልተወችም። ልጆቻቸው «በረሃ እንስደዳትና ጅብ ይገላግለን» እያሉ ሲጨቀጭቋቸው፣ እሳቸው ሁልጊዜ «የዘሀራን ግድግዳ አላያችሁም? ያን ሰውዬ ከቦይ ያወጣችው ማን ሆነችና? አህያ ሰበብ ናት» እያሉ ሲከላከሉላት ኖረዋል። አሁን ግን «መምህሩ አይወጣም ብሎኛል፤ እንዳሻችሁ አድርጉ» ብለዋቸዋል። ልጆቹም ዛሬ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሊወስዷት ነው። እትዬ ዘሀራ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ፣ «አንብበህ የገደልካትን አህያ ሂድና አንብበህ አድናት!» ብለው ጮኹብኝ። ስንት ዘመን አንቱ ሲሉኝ የኖሩ ሴት!

ባጃጅ ይዤ ቀወት ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ ሽንኩርት ማሳቸው ዳር፣ ውሃ መሳቢያው ቦይ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰላም አጠገባቸው ቆማለች። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰዓሊው ክፈፎቹ ላይ ቁጥር እንዳልጻፈ፣ ቃልም እንዳልጨመረ፣ ስለዚህ ማንም ከፈለገበት ጀምሮ ማንበብ መብቱ እንደሆነ ትንታኔ ሰጠኋቸው። ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዳይከፋኝ ብለህ አትዋሸኝ፣ መምህር። ከግራ ነው ብለሃል፣ ከግራ ነው» አሉኝ።

መምህር በቃል አልሆንለት ሲል ምን ያደርጋል? በተግባር ያሳያል። ባርኔጣዬን አስተካክዬ ከሰላም ኋላ ቆምኩና፣ «ይኸውልዎ ጋሽ ሰይድ፣ ሰውዬው እዚህ ጋ ቆሟል እንበል» አልኩ።

ሁለተኛውን ክፈፍ አላየሁትም። ሦስተኛው በጣም አጭር ነው። አራተኛውን ግን አሁን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ውስጡ ይጨልማል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

እንደምንም ተገልብጬ አናቴን ባወጣም፣ ጭቃው እስከ ወገቤ ይዞ አልለቅ አለኝ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እሰምጣለሁ። የጋሽ ሰይድ ልጆች አህያዋን ለጅብ ሊወስዱበት ያመጡትን ገመድ ይዘው በሳቅ ተንከተከቱ። ጋሽ ሰይድ ገመዱን ከእጃቸው ነጠቁና አንዱን ጫፍ ሰላም አንገት ላይ አሰሩት፤ ሌላውን ለእኔ ወረወሩልኝ። ተመስገን ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩ።

እሳቸው ግን አህያዋን ሂጂ አላሏትም። ባርኔጣዬን ከመሬት አንስተው፣ አቧራውን አራገፉና፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብለው በጣም በትሕትና አዩኝ። «እንዲያው ልጆቼም ይስሙት ብዬ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «ከየት ነው የሚነበበው?»

እኔ በማርያም የምምል የደብረ ሲና ሰው፣ አፌን የሞላውን ጭቃ ተፍቼ፣ አገር እስኪሰማ ጮህኩ፦ «ከቀኝ! ወላሂ ከቀኝ!»