ነዳጅ እስኪመጣ የዘለቀ ምርቃት

በዚህ ዘመን የማይታደስ ነገር ምን ቀረ? መታወቂያ ይታደሳል። የጤና መድን ደብተር በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ሰው ጤና ጣቢያ በር ላይ ባዳ ይሆናል። የቤት ክዳን ይታደሳል፣ የባጃጅ ነጂ ፈቃድ ይታደሳል፣ ገንዘብ ላለውማ ጥርስም ይታደሳል አሉ። ከዚህ ሁሉ እድሳት ያመለጠ አንድ ነገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ምርቃት ነው። አባቴ የመረቀበትን ቃል እኔም እመርቅበታለሁ፤ እሱም ከአባቱ ነው የወሰደው። ክረምት ሲገባ አያፈስ፣ ማኅተም አይፈልግ፣ ምኑ ይታደሳል?

እንዲህ እያልኩ በሰላም ስኖር የእህቴ ልጅ ትርንጎ ጠራችኝ።

ትርንጎ እዚሁ ደብረ ታቦር የሒሳብ አያያዝ ታስተምራለች፤ ጎን ለጎንም የሰው ሒሳብ ትሠራለች። ከዓመቱ ወሮች ሰኔ ላይ ጭራሽ አትታይም። የበጀት መዝጊያ ነው ትላለች። እኛ ዘር እንዘራበት በነበረው ወር እነሱ መዝገብ ይዘጉበታል፤ ሰኔና ሰኞ የገጠመበት ሰው ይመስል ፊቷ ይጠቁራል። በዚህ ላይ ደግሞ በየዓመቱ ባሕር ዳር እየሄደች ትሠለጥናለች። አንድ ቀን ግራ ገብቶኝ፣ ትምህርቱን ጨርሰሽ፣ ሌላውን እያስተማርሽ፣ አንቺ ራስሽ የምትማሪው ምን ቀርቶሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ የሒሳብ ሰው ተምሮ አይጨርስም» አለችኝ። ሕጉ ይለወጣል፣ አሠራሩ ይለወጣል፤ በዓመት ውስጥ የታዘዘለትን ሰዓት ያልሠለጠነ ባለሙያ ፈቃዱ አይታደስለትም።

ደነገጥኩ። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ ቀረ እንዴ አልኳት፤ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴ በእጄ የቀረው ዋናው ሀብት እሱ ነውና። «ኧረ አራት ነው ጋሼ! አራቱ የት እንደሚጻፍ ነው የሚለወጠው» ብላ አረጋጋችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ አራትን በጥርጣሬ ነው የማየው።

ታዲያ ዘንድሮ ትርንጎ ትልቅ ነገር ሠራች። ስንት ደጅ ጠንታ ሥልጠናው ደብረ ታቦር እንዲሰጥ አስፈቀደች። ሕፃን የምታጠባ አስተማሪ ልጇን አዝላ ባሕር ዳር ማደሯ ሊቀር ነው። እኔም ከልቤ ደገፍኳት። መኪና ያዞረኛል፤ የባሕር ዳርን መንገድ ገና ሳስበው አፌ ምራቅ ይሞላል። ሥልጠናውን ያዘዙት የባሕር ዳር ሰዎች ግን አንድ ነገር አስጠንቅቀዋታል። የመጀመሪያው ቀን ከተበላሸ፣ ሰዉም ከተበተነ፣ ሥልጠናው ተመልሶ ባሕር ዳር ይገባል፤ ሁለተኛ ደብረ ታቦር ብሎ የሚያነሣት የለም።

ለመክፈቻው የተጋበዙት መራቂ እኔ አልነበርኩም፤ የሰፈራችን መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ሲመርቁ ግድግዳው አሜን ይላል። ዋዜማው ላይ ግን ይፋግ ከተማ ለቅሶ ተነገራቸውና ሄዱ። እኔ የእድራችን ተጠባባቂ መራቂ ነኝ። ተጠባባቂ ማለት እንደ መለዋወጫ ጎማ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ ነፋስ ይኑረው አይኑረው ማንም አያየውም።

ለጥንቃቄ በጧት ደረስኩ፤ አዳራሹ አልተከፈተም ነበር። ለጥንቃቄ ጥላ ይዣለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለጥንቃቄ ከነጋ ውኃ አልቀመስኩም፤ ለምን እንደሆነ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። አጭር ምርቃት አዘጋጅቻለሁ፤ እጅ ተዘርግቶ ሳይዝል የሚያልቅ።

ሰዎቹ ገቡ። በግራ በኩል የሒሳብ ሠራተኞችና አስተማሪዎች ተቀመጡ። በቀኝ በኩል ያሉት ኦዲተሮች ናቸው ብላ ትርንጎ አሳየችኝ፤ የሌላውን ሒሳብ የሚመረምሩ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ሰፋ ያለ ነበር። አሠልጣኙ ከባሕር ዳር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ እውቀቱን በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ተነሣሁ፤ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ተነሣ። ገና በስመ አብ ስል መብራት ጠፋ።

ከኮምፒውተሩ ግድግዳው ላይ ይበራ የነበረው ሥዕል ሄደ። ማይክሮፎኑ ጸጥ አለ። አሠልጣኙ እንደ ልብሱ ነጣ፤ ያለ መብራት አንድ ቃል አልችልም አለ። ጄኔሬተር የላቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። ኧረ አላቸው! ነዳጅ ነው የሌለው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያሉት አበው ጄኔሬተር ሳያዩ እንዴት አወቁት እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።

ትርንጎ ባጃጅ አስነሥታ ጀሪካን አስይዛ ለነዳጅ ላከች። በዚህ መሀል አቶ ስመኘው የሚባሉ የአንበሳሜ ሰው ቦርሳቸውን አነሡ። ቁመታም ናቸው፤ ድምፃቸው ማይክሮፎን አይሻም። «ጎበዝ፣ አንበሳሜ ዛሬ ገበያ ነው፤ እዚህ በጨለማ ከምንቆም ሄደን ሽንኩርት እንሸምት» አሉ። ጨለማ እንኳ አልነበረም፤ ቀን ነው። ግን ሰው መሄድ ከፈለገ ፀሐይም ጨለማ ናት። አንድ ሁለት ሰው ሣቀ፤ ሦስተኛው ኮቱን ፈለገ።

ትርንጎ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ጋሼ፣ ባጃጁ እስኪመለስ ምርቃቱን ያርዝሙልኝ። በምርቃት መሀል የሚወጣ ሰው የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሰው ከስብሰባ አቋርጦ ይወጣል፤ ከችሎት ይወጣል፤ ከሠርግም ቢሆን ወጡ ከቀጠነ ይወጣል። እጁን ዘርግቶ የቆመበትን ምርቃት ግን ጥሎ አይወጣም። ጀርባውን ሲሰጥ ቀጣዩ ቃል እርግማን ቢሆንስ? ይህን የሚከለክል የተጻፈ ሕግ የለም፤ የሚጥሰው ያልተገኘውም ስላልተጻፈ ይመስለኛል። እኔ ግን ተጨነቅሁ። ምርቃትን እንደ ጠፍር አድርጎ ሰው ማሰሪያ ማድረግ ይገባል? የትርንጎን ፊት አየሁ። ከዚያ የባሕር ዳር መንገድ ትዝ አለኝ። እጄን ዘረጋሁ።

አቶ ስመኘው በሩ ጋ ደርሰው ነበር። እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ቆሙ፤ ቦርሳቸውን አስቀመጡ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ።

ያዘጋጀሁት ወዲያው አለቀ። ወደ አባቴ ምርቃት ተሻገርኩ። በሬያችሁን ከገደል ይጠብቅላችሁ አልኩ። አሜኑ ሳሳ። ገብሳችሁን ከውርጭ ይሰውርላችሁ አልኩ። ይባስ ሳሳ። ላማችሁ በጥጃዋ ላይ ጥጃ ትጨምር ስል ከኋላ የሚንሾካሾክ ተሰማኝ። አቶ ስመኘው በታላቅ ትሕትና፣ «አባቴ፣ ጥጃው ይቆየንና ደመወዙን በጊዜው ያድርግልን» አሉ። አዳራሹ በሣቅ ሞላ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ከፊቴ የቆመው ሰው ሁሉ የገበሬ ልጅ ነው፤ በሬ ያለው ግን አንድም የለም። ምርቃቴ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ሆኗል።

ትርንጎን ሳይ ግን ሰኔ ትዝ አለኝ። ሰኔን በሰላም ያሳልፋችሁ አልኩ። አቤት የወጣው አሜን! መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቀመስኩና ጨመርኩ። የተደመረው ይግጠምላችሁ፤ አሜን። ደረሰኝ አይጥፋባችሁ፤ አሜን። አለቃችሁ ሳያነብ አይፈርም፣ ከፈረመም አይካድ፤ አሜን፣ አሜን! መሪጌታው ይህን ቢሰሙ አልኩ በልቤ።

ሰው ሲቀናው ነው የሚሳሳት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር። ጭብጨባ እንደለመደ አዝማሪ ሞቅ ብሎኝ፣ ከኦዲተር ይሰውራችሁ አልኩ።

ግራው ወገን ጣራውን አነሣው። በቀኝ በኩል ግን የተዘረጋ መዳፍ ሁሉ ቀስ ብሎ ታጠፈ። መነጽር ያደረጉ አንዲት ኦዲተር፣ ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ፣ ረጋ ብለው «አባቴ፣ እኛንስ ከማን ይሰውሩናል?» አሉኝ። መራቂ ለግማሽ ሰው መርቆ አይወርድም። ቶሎ ብዬ ወደ ቀኝ ዞርኩና፣ የተሰወረውን ሁሉ ይግለጥላችሁ አልኩ። አሁን ደግሞ ቀኙ ወገን በአንድ አፍ አሜን አለ፤ ግራው ደረቀ። አቶ ስመኘው «ኧረ አባቴ፣ እሱን ያንሡልን!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ በላይነሽ «የወጣ ምርቃት አይመለስም፤ ደግሞ እርስዎ ምን አስደነገጠዎት?» አሏቸው። ሣቁ ወደ ቀኝ ተሻገረ። መተላለፊያው ሲሰፋ ታየኝ።

አባቴ ጠበኛ ጎረቤቶችን እንጂ ጠበኛ ምርቃቶችን ሲያስታርቅ አላየሁም። ወደ መተላለፊያው ዞርኩና፣ የሚደበቅ አይኑራችሁ፣ የሚፈለግም አይጥፋባችሁ አልኩ። ቀኙ አሜን አለ። ግራውም አሜን አለ፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። ቃሉን አገላብጠው መርምረው መሰለኝ፤ የሒሳብ ሰዎች አይደሉ?

ከዚህ በኋላ ባዶ ቀረሁ። ክንዴ ዝሏል። ሰዉም አንዱን እግሩን እያሳረፈ በሌላው ይቆማል። አቶ ስመኘው ይህን አይተው፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ከሚመርቁ መብራቱን አንዴ አይመርቁትም?» አሉ። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው የሸሸሁት እሱን ነበር። መብራት ይምጣ ብዬ ባይመጣስ? የወደፊት ምርቃቴ ሁሉ ይታማል፤ ተጠባባቂነቴም ይቀራል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጋቢዬን አስተካከልኩ። ጭንቅ የያዘው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋልና በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሬ በመስኮቱ አየሁ። ባጃጁ በግቢው በር እየታጠፈ ነው፤ ቢጫ ጀሪካን ከኋላ ተቀምጧል።

ድምፄ ተመለሰልኝ። ብርሃኑን አሁኑኑ ያምጣላችሁ አልኩ፤ አሁኑኑ የምትለዋን ጠበቅ አድርጌ። ነዳጁ እስኪቀዳ ለጥንቃቄ መንገደኛውን፣ ነጂውን፣ የነጂውንም እናት ጨመርኩ። ከዚያ ጄኔሬተሩ አጓራ፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ተመለሰ። እንደዚያ ያለ አሜን እድሜ ልኬን ሰምቼ አላውቅም። አቶ ስመኘው ከበሩ መጥተው ጉልበቴን ሳሙ። ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነበር የቆሙት። እኔ ፊቴን ወዴት አዙሬ እንደነበር የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ ከትሕትና አይቆጠርም።

ሥልጠናው ተጀመረ። አቶ ስመኘውም ሽንኩርታቸውን ትተው እስከ ማታ ተቀመጡ። ማታ ላይ ግን አሠልጣኙ ሰዓቱን ሲያሰላ፣ በምርቃቱ ያለፈው ጊዜ ይጎድላል፤ የታዘዘው ሰዓት አይሞላም አለ። ካልሞላ የማንም ፈቃድ አይታደስም። አቶ ስመኘው ብድግ ብለው፣ ያ ሰዓት የባከነ አይደለም አሉ። «ቆመን ነው የተማርነው። የሒሳብ ሠራተኛና ኦዲተር እንዴት ተከባብረው እንደሚሠሩ ተነግሮናል። ይህ የሙያ ሥነ ምግባር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?» ወይዘሮ በላይነሽ ከአቶ ስመኘው ጋር ተስማሙ፤ አዳራሹ ይህንን ነው ተአምር ያለው። እንዲህ ሆኖ ምርቃቴ «የሙያ ሥነ ምግባር» ተብሎ ገባ፤ እኔም አሠልጣኝ ተብዬ ተመዘገብኩ። ሰዓቱ ሞላ። ትርንጎ በደስታ አለቀሰች።

ሰነበተና አንድ ቀን ቤቴ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች። እሷ ሳትቀመጥ ስታወራ ነገር አለ። ያዘዙት ሰዎች ደውለው ነበር፤ ሥልጠናው ተወዷል፤ ለከርሞም ደብረ ታቦር ይሁን ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። አሠልጣኝ የሆነ ሰው እሱ ራሱ በየጊዜው የሠለጠነ መሆን አለበት፤ አለዚያ ያስተማረው ሰዓት ይሰረዛል። «ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሠለጠኑት መቼ ነው?» አለችኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ ነው አልኳት።

«እሱ ጊዜው አልፎበታል» አለች።

እኔም የበሬው ምርቃት ትዝ አለኝና መከራከሪያ አጣሁ። ያ ሰዓት ከተሰረዘ የዚያን ሁሉ ሰው ልፋት ይዞ ይሄዳል። እሺ፣ የአሠልጣኞች ሥልጠና የሚባለው የት ነው የሚሰጠው አልኳት። ትርንጎ መሬት መሬት አየች።

እነሆ ዘንድሮ ደብረ ታቦር ካሉት የሒሳብ ሰዎች ለሥልጠና ባሕር ዳር የሄደ የለም። የምሄደው እኔ ነኝ። አቶ ስመኘው ሰምተው ከሚኒባስ የፊት ወንበር አስይዘውልኛል፤ ሎሚም ልከዋል። መክፈቻው ላይ መራቂ አለ ወይ ብዬ ትርንጎን ጠየቅኋት። አለ፣ ታላቅ አባት ተጋብዘዋል አለችኝ። እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ደውለሽ አረጋግጪልኝ አልኳት፤ ጄኔሬተራቸው ነዳጅ አለው?